ስድስተኛው ኳስ ተቀባይ

ከሁለቱ ማንን ያሰናብት? የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የኳስ ተቀባዮች አሠልጣኝ ኦርቪል፣ የተጫዋቾቹ ስም የተጻፈባቸውን ሁለት ማግኔቶች በመዳፉ እያገላበጠ ሰሌዳው ፊት ቆመ። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

«ትሬሞን ሲሮጥ ነፋስ ነው» አለ ዋናው አሠልጣኝ።

«ነው፣ አለቃ። ግን ስድስተኛ ተቀባይ ስንት ኳስ ይደርሰዋል? ሥራው ኳስ ሲለጋ ሮጦ ሰው መጣል ነው። ትሬሞን እንኳን ሰው፣ ገርበብ ያለ በር አይገፋም። ኬለን ግን ግድግዳ ይጥላል።»

«ትሬሞንን ካሰናበትነው እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል እኮ።»

«ማን አይቶት? በዝግጅት ጨዋታዎቹ ሆን ብዬ ደብቄዋለሁ። ሰዓቱ ሲያልፍ ለልምምድ ቡድናችን እናስፈርመዋለን።»

«አንተ ተንኮለኛ» ብሎ ሳቀ ዋናው።

ኦርቪል የኬለንን ማግኔት ሰሌዳው ላይ ለጠፈ፤ የትሬሞንን ለነገ ብሎ ኪሱ ከተተ። «ከከተማ እንዳትወጣ፤ ነገ እንመልስሃለን» ሲል ለትሬሞን መልእክት ላከለት። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በውድድሩ የመጀመሪያ ሳምንት የሚገጥማቸው ቡድን ትሬሞንን መውሰዱ ተሰማ። ኦርቪል ኪሱ ውስጥ ማግኔቱን እየዳሰሰ ስልኩን ከፈተ። መልእክቱ ተነብቧል፤ መልሱ ግን ያን ቀንም ከዚያም ወዲያ አልመጣም።