ከኪዙ ጀምሮ የተከተለኝ ሰውዬ

ቶሎ ልንገራችሁ።

ትናንት የኦሳካን ገበያዎች በሳይክል እየዞርኩ ለክፍል ካርታ ልሠራ ወጣሁ። አምና ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት የሚያቅተኝ ልጅ፣ ዘንድሮ እጄን አውጥቼ "እኔ አቀርባለሁ" ብያለሁ። እማዬ "አንድ ነገር ካጋጠመሽ ሳይክል የሚባል ነገር የለም" አለችኝ። አባዬ ግን ሰንሰለቱን ዘይት ቀባልኝ፤ ፓራፋንጎው ላይ የደበዘዘውን ስሜንም "ሚሱዙ" ብሎ እንደገና ጻፈልኝ።

ኪዙ ገበያ ስደርስ ይዘንባል። ሁለት ደቂቃ ነው ብዬ ሳይክሌን ግድግዳው ስር ከሌሎች ሳይክሎች ጋር ሳልቆልፍ አቁሜ ገባሁ። ዓሣ ሻጮቹን መዝግቤ ወጣሁ፣ ኮፍያዬን አጠለቅኩና መንዳት ጀመርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ቁሚ!"

ዞር ስል፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ እስኪደርስ እየፔደለ ይመጣል። በረርኩ። ከድንጋጤዬ የተነሳ እግሬ ፔዳሉን በደንብ አልረግጥልኝ አለ።

ኩሮሞን ገበያ ሳይክሉን እየገፋሁ ሰው መሀል ገባሁ። ሰውዬው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የቆሙትን ሳይክሎች አንድ በአንድ ያያል። የት እንደገባሁ እየፈለገ ነው። በጓሮ ወጣሁ።

ቱሩሃሺ ገበያ ስደርስ ግን እንደገና ከኋላዬ ነው። የእማዬ ደንበኛ እትዬ ሱሚዬ ኪምቺ የሚባለውን የኮሪያ ጎመን እየመዘነች አየችኝ።

"ሚሱዙ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ ከቶፉ ነጥቷል።"

አምና ቢሆን አለቅስ ነበር። ትናንት ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ "ይሄ ሰውዬ ከኪዙ ጀምሮ እየተከተለኝ ነው" አልኩ።

ሰውዬው ደረሰ። ሳል አፍኖት መናገር አቃተው፣ ጣቱን ብቻ ወደ እኔ ቀሰረ።

"ጣትህን ሰብስብ። የልጅ ልጅህ ትሆናለች እኮ፣ አታፍርም?" አለችው እትዬ ሱሚዬ። ሁለት ተሸካሚዎች ክንዱን ያዙት። እኔን ከረሜላ አስጨበጠችኝና "ሂጂ የኔ ልጅ፣ ፖሊስ እጠራለታለሁ" አለችኝ።

እማዬ ስትሰማ አልተቆጣችም። "አፍ አወጣሽ በቃ" ብላ አቀፈችኝ።

ዛሬ ጠዋት ከሁሉ በፊት ወጥቼ ሳይክሉን አጠብኩ። ከጭቃው ስር ፓራፋንጎው ላይ "ሚሱዙ" አይልም፤ "ኦጋታ" ይላል።