ጅሩ ጊታሩን ለምን አፈነው?

«ይሄ ጊታር ታፍኗል እኮ! ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ነው የሚመስለው!»

ሀዋኒ ማይኩን አስቀምጣ ዞረች… ልምምዱ ቆመ።

ጅሩ አንገቱን ደፋ።

ነገሩ የሆነው ሮቤ ነው። ሀዋኒ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ሶሎ ዘማሪ ናት። ጅሩ ደግሞ የኮምባይነር መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ የኳየሩን ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል። ስምንት ዓመት አብረው አገልግለዋል።

ያ ጊታር ድሮ እንደ ደወል ነበር የሚጮኸው። እንዲህ ከታፈነ ሁለት ወር ሆነው።

ጎሮ ከተማ ለሚዘምሩበት ጉባኤ ደግሞ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው…

«ነገሪ፣ ከጎባ ሌላ ልጅ እናምጣ» አለችው የኳየሩን መሪ፣ እዚያው ጅሩ ፊት። «የሱ ጆሮ ደክሟል።»

ነገሪ ቢጨንቀውም እሺ አለ።

ጅሩ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ጌታ ይርዳችሁ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሀዋኒ ለአዲሱ ልጅ ይጠገን ብላ ጊታሩን ይዛ ጎባ ሄደች፤ ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግኑ ወዳረጁት ጋሽ ተክለማርያም ዘንድ።

ክዳኑን ፈተው አዩና ፈገግ አሉ።

«አልተበላሸም ልጄ። እንዲህ አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴ! ለምን ጋሼ?»

በመፍቻው ጫፍ አንዲት ትንሽ ዕቃ አሳዩዋት።

«ይቺ ካፓሲተር ትባላለች። የቃናውን ማዞሪያ በቀነስሽ ቁጥር ቀጭኑን፣ የሚጮኸውን ድምፅ ወደ ግራውንድ ለቃ ታጠፋዋለች፤ ወፍራሙ ይቀራል። እኔ ትልቋን አስገባሁና ማዞሪያውን ዘልዬ በቀጥታ በየድኳት። አሁን ብታዞሪው ባታዞሪው ያው ነው።»

«ማን አዘዘዎት?»

«አንድ ዝምተኛ ልጅ። ‹የምትዘምር እህት አለችን፤ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ድምጿ ሳስቷል። ጊታሩ ሲጮህ ይሸፍናታል› አለኝ። ‹ታዲያ ማዞሪያውን ቀንሰህ ተጫወት፣ ምን አስፈታህ?› ስለው… ‹ሞቅ ሲለኝ እረሳዋለሁ ጋሼ› አለኝ።»

ሀዋኒ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች…

ሳታውቀው እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካ።

ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ሁሉም «ድምፅሽ ያው ነው» ይሏት ነበር። እሷም ማመን ስለፈለገች አመነች።

ልዩነቱን ሰምቶ አንድ ነገር ያደረገላት ያ ያባረረችው ሰው ነው።

«እንደ ድሮው ልመልሰው?» አሉ ጋሽ ተክለማርያም።

«አይ… ይቆይ።»

ሮቤ ስትደርስ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ሱቁ ሄደች። ጅሩ እጁ በግሪስ ተለውሶ ለአንድ ገበሬ የማሽን ቀበቶ እያወረደ ነበር።

«ዺፋማ ጅሩ…» አለችው በኦሮምኛ፤ «ይቅርታ አድርግልኝ። ለምን አልነገርከኝም?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ገና እየዳንሽ ነው ሀዋኒ። ድምፅሽ ደክሟል ብልሽ መዘመሩን ትተይዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው… ገበሬው እያያት።

ጅሩ እንዲመለስ ነገሪ ጋ አብረው ሄዱ። ጎሮም መድረኩ ላይ አብረው ቆሙ።

ከጉባኤው በኋላ ስለ ጊታሩ ያወራ አንድም ሰው አልነበረም። አንዲት እናት ግን የሀዋኒን እጅ ይዘው እንዲህ አሏት…

«ልጄ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።»

ወዳጆቼ… ሰው ዝቅ ሲልብን «ደከመ» ከማለታችን በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ምናልባት እኛ እንድንደመጥ ብሎ ይሆናል።

እናንተስ? እናንተ እንድትደመጡ ብሎ የራሱን ድምፅ የቀነሰላችሁ ሰው ማነው? አመስግናችሁታል ወይስ እንደ ሀዋኒ ተቆጥታችሁታል? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉለት…