ሁሉም ድምፅ ይግባ

ፕሮግራሙ እንደገና ብን ብሎ ጠፋ። ሶሲና እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ወደ ኋላ ተደገፈች። ከጠዋት ጀምሮ የለፋችበት ሥራ የለም፤ ስክሪኑ ባዶውን ቀርቷል።

“ደግሞ ሄደ?” አለች ሀምዲ ከጀርባዋ። የትናንቱ ሂና እጇ ላይ ገና ደማቅ ነው።

“ሄደ።”

ሶሲና ጅጅጋ ውስጥ የስንቱን ሠርግ ቪዲዮ ስታቀናብር ኖራለች፤ እንዲህ ያለ እልህ አስጨራሽ ሥራ ግን ገጥሟት አያውቅም። የሀምዲን አባት ዐብዲኑርን ዐምና ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው ተዘግቷል። ልጅቱ ድሬዳዋ ስትማር በየቀኑ በስልክ ይልኩላት የነበረውን ድምፅ አንድም ሳታጠፋ አስቀምጣዋለች። ዛሬ በሠርጓ አዳራሽ፣ ከፎቶዎቻቸው ጋር ተቀናብሮ እንዲሰማላት ትፈልጋለች። ቅጂዎቹ ከሺህ ይበልጣሉ፤ ገሚሶቹ ከአንድ ትንፋሽ አይረዝሙም።

ሶሲና ያልሞከረችው የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች። ሙቀቱ ይሆናል ብላ ቬንትሌተሩን ከራሷ ወደ ማሽኑ አዞረች፤ አሁን ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል። ለውጥ የለም። ቅጂዎቹ ገብተው ሊያልቁ ሲሉ ድርግም ይላል።

“ትንንሾቹን እንተዋቸው” አለች። “ይሄ ‘ደረስሽ?’ ብቻ ነው። ይሄኛው ‘ሀዬ’ ነው። ለአንዲት ‘እሺ’ ስንል ነው የምንሰቃየው?”

“ሁሉም ይግባ።”

“ሀምዲ፣ ማሽኑ አልችልም እያለ ነው።”

“አባቴ ‘ሀዬ’ ሲለኝ እንዴት እንደሚል አታውቂም። ዋላሂ አንዱም አይወጣም።”

ሶሲና ዞር ብላ ዐብዲኑርን አየቻቸው። ቤታቸው በእንግዳ ስለተጨናነቀ ሀምዲ አባቷን ይዛቸው መጥታ ጥግ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጣለ ነው።

ሶሲና በንዴት ቅጂዎቹን እንደገና አስገባች። እንደገና ጠፋ። ትንሿ የመልእክት ሳጥንም እንደ ልማዷ ብቅ አለች። ሶሲና ጠዋቱን ሙሉ ሳታነብ ስትዘጋት ነው የቆየችው። አሁን ግን ጣቷን ገታ አድርጋ እንግሊዝኛውን አነበበችው። የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል፣ ይላል።

“እኔ ደግሞ ሜሞሪ አነሰው እያልኩ” አለች በራሷ ተናዳ። “እያንዳንዷን ቅጂ ከፍቶ ነው የሚይዘው። የከበደው የፋይሎቹ መጠን አይደለም፤ ብዛታቸው ነው።”

“እና ምን ይሻላል?”

“የየወሩን ቅጂዎች እርስ በርስ እየሰፋሁ አንድ ረጅም ድምፅ አደርገዋለሁ፤ ዘግቼው ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መጨረሻ ላይ የሚከፈቱት ጥቂት ይሆናሉ።”

“የሚቀርስ?”

“አንድም አይቀርም።”

የመጀመሪያውን ወር ሰፍታ ስትጨርስ፣ መጋጠሚያው እንደማይቆራረጥ ለማረጋገጥ አጫወተችው። ወፍራም፣ ቁጡ ድምፅ በሶማሊኛ ክፍሉን ሞላው። “ሀምዲ፣ ስልክሽን ለምን አታነሺም? ስልክ የገዛሁልሽ ልታነሺው ነው።” ወዲያው ሌላው ተከተለ፤ “ምሳ በላሽ? አልበላሽም፤ ዐውቅሻለሁ።”

ሀምዲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሁለቱም ዞር አሉ። ዐብዲኑር ግድግዳውን ተደግፈው እየተነሡ ነው። መውጣት የፈለጉ መስሏት ሀምዲ ልትደግፋቸው ተንደረደረች። አልፈዋት ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው የድምፅ ማጉያውን በግራ እጃቸው ዳበሱት፤ ማዞሪያውን ሲያገኙት ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመሩት።