ሁለት ጭረት

ወንድሙ በሞተ በሰባተኛው ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታላቅየው የጋራዡን በር ከፍቶ መካኒኩን አስገባ። ሦስቱ ሞተር ሳይክሎች እንደነበሩ ቆመዋል፤ የእሱ ጥቁሯ፣ የሟች ወንድሙ ሰማያዊዋና ቀይዋ። ቀይዋ መሪዋ ተጣሞ፣ የፊት መብራቷ ረግፎ ግድግዳ ተደግፋለች። ወንድሙ ቁልቁለቱ ላይ የሞተው በእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም።

መካኒኩ ሊገዛቸው ነው የመጣው። ሰማያዊዋን ሦስት ጊዜ ረግጦ አስነሳትና ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጣት።

«ይቺ አኩራፊ ናት፤ ካልተለማመጧት አትነሳም። ቤንዚን ግን ቀመስ ነው የምታደርገው። ጥቁሯ ጭነት ትችላለች፤ ጉሮሮዋ ነው ሰፊው።»

«እሱም እንደዚሁ ይል ነበር» አለች የሟች ሚስት፣ በሩ ደፍ ላይ እንደተቀመጠች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱን ሲያባብል ይመሻል። እኔ ተራዬ አይደርስም።»

መካኒኩ ፈገግ አለ። ታላቅየው ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ቀስ ብሎ ቢነዳ ኖሮ ዛሬም ያባብላቸው ነበር» አለ።

ይህን ለቅሶው ላይ ተናግሮታል። ለእናቱም ነግሯታል። ሰባት ወር ሙሉ ከአፉ አልጠፋም። ሚስትየው እንደ ወትሮዋ አቀረቀረች።

መካኒኩ የጥቁሯን የኋላ ጎማ ፈትቶ የፍሬን ሸራዋን አወጣ። በጨርቅ ጠራርጎ ወደ ብርሃኑ ያዘው።

«ይሄ የሷ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«ጭረቱን እየው። ወንድምህ ዕቃ እንዳይደባለቅበት በሚስማር ይጭር የለ? ለጥቁሯ አንድ፣ ለቀይዋ ሁለት፣ ለሰማያዊዋ ሦስት። ይሄ ሁለት ነው።»

ወደ ቀይዋ ሄደና የእሷንም ጎማ ፈታ። ከውስጧ የወጣው ሸራ ተበልቶ ብረቱ ቀርቷል። ብረቱ ላይ አንድ ጭረት አለ።

ታላቅየው ወንድሙ በሞተበት ቀን ዋዜማ የነበረውን ምሽት አስታወሰ። በማግስቱ ማልዶ መንገድ ነበረበት፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። «ፍሬኔ አልይዝ ብሏል። እንደምንም ብለህ ለጠዋት አድርስልኝ» ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮለት ወጣ። ጠዋት ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘለት። በምን እንደተሠራ አልጠየቀም።

«የሞተ ቀን ወዴት ነበር የሚሄደው?» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ዕቃ ልግዛ ብሎ ነው የወጣው» አለች ሚስትየው። «የምን ዕቃ እንደሆነ አልነገረኝም።» ተነስታ መጣች። «ምን አገኛችሁ፣ ጋሼ?»

መካኒኩ አጎንብሶ ንጹሑን መፍቻ ይጠርግ ጀመር። ታላቅየው ሁለቱን ሸራዎች በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከራሱ ሞተር የወጣው ገና ወፍራም ነው።

«ፈጥኖ አይደለም» አላት።

መካኒኩ ሰማያዊዋን ብቻ ገዝቶ ሄደ። ጥቁሯ የኋላ ጎማዋ እንደወለቀ ከቀይዋ ጎን ቀረች። ታላቅየው ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው።