የማነጻጸሪያው ምራቅ

ሪያድ ያለው ላቦራቶሪ ጥርሳቸውን ቦርሸው ከመጡ ሰዎች ምራቅ ውስጥ የጥርስ ሳሙናውን ቅሪት ብርሃን በሚያሳልፍ ማሽን ይለካል። ለማነጻጸሪያ የሚወሰደው የሠራተኛው የፈድሉ ምራቅ ነው። እሱ ከመፋቂያ ሌላ ስለማያውቅ ውጤቱ ሁሌም ዜሮ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ማሽኑ በምራቁ ውስጥ የቅርንፉድ ሳሙና አሳየ።

«ወንድሜ፣ ዛሬስ ቦርሸሃል» አለው ባልደረባው ፋሃድ።

«ወላሂ አልቦረሽኩም።»

«ያላ፣ እንድገመው።»

ሦስቴ ለኩት። ያው ነው።

የፈድሉ ሚስት ጀሚላ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ወደ ሥራ ስትሸኘው ትስመው ነበር፤ አፏ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።

ጀራዲያ ሰፈር ካለው ባዶ ቤቱ እንደገባ ከብርጭቆው ውስጥ የጀሚላን የጥርስ ብሩሽ አንስቶ በጣቱ ዳሰሰው።

እርጥብ ነው።

መፋቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠ። ቅርንፉዱ እንዳይለቀው አፉንም አልተጉመጠመጠም።