ወዬ

የመጀመሪያ የፍቅር ልብ ወለዷን ይዛ ስትዞር ስንት አሳታሚ ፊት እንደነሳት ቤቱ ይቁጠረው። እሷ ግን ሙጭጭ ብላ ያዘችው። በመጨረሻ አንድ አርታኢ እሺ አላት።

«ግን ሰውየው ልጅቷን በየገጹ ‹ሆዴ› እያለ መጥራቱን ይተው። ስኳሩ በዛ፤ አንባቢዎቼን ጥርሳቸውን ያማቸዋል» አላት።

ቤቷ ገብታ ኮምፒውተሯ ላይ «ሆዴ»ን እያሳደደች አንድ በአንድ አጠፋችው። እሷን ራሷን እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እንደዚያም ሆኖ እጇን ከበዳት።

በማግስቱ አርታኢው ደወለ።

«እህቴ፣ ጥሪውን አጥፍተሽ መልሱን ትተሽዋል እኮ! ልጅቷ ማንም ሳይጠራት ‹ወዬ፣ ወዬ› ትላለች። አበደች እንዴ?»

«ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ! አሁኑኑ አወጣዋለሁ» አለች እየሳቀች። ከሰው ጋር ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

ሻይዋን ቀድታ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። የከሰዓት ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ ወለሉ ላይ ተኝታለች። አንድ «ወዬ» ባጠፋች ቁጥር፣ ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ይበልጥ ጭር የሚል መሰላት። የመጨረሻውንም አጠፋችና ወንበሯን ደገፍ አለች።

ከወጥ ቤት፣ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማት።

የእሷ ብርጭቆ እፊቷ ነው።

«ሆዴ» አለ የወንድ ድምፅ፣ ቅር እንዳለው ሰው፤ «ስትመልሺልኝ ኖረሽ ምነው ዛሬ ዝም አልሽኝ?»