አትላሱ

ግንቦት 6 ቀን 2001፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አቶ ደምረው አንባቢው ሁሉ እየሰማ «አንተ ሌባ! ትልቁን አትላስ የት አደረስከው?» ብለው የአንድ ተማሪን ጆሮ ጎትተው አስወጡት። ልጁ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር።

ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ማታ በቁሙ እያንቀላፋ ይመለሳል። ይኼን ትምህርት ለምን እንደመረጠ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መንገድ ላይ ግን ለአቶ ደምረው የሚሰጠውን መልስ እንደ ዳዊት ይደግማል።

የተግባር ልምምዱን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ልሥራ ብሎ ለምኖ ገባ። አቶ ደምረው ጢማሙን ሰውዬ አላወቁትም፤ የመጽሐፍ ቆጠራ ሰጡት። በሦስተኛው ቅዳሜ ከግድግዳውና ከመደርደሪያው መሀል እጁን ቢሰድ፣ አቧራ የጠጣ አትላስ ይዞ ወጣ። ማኅተሙም ቁጥሩም አለ።

ወስዶ አቶ ደምረው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። አንባቢዎቹ ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ ያ ጠፋ የተባለው አትላስ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

አቶ ደምረው መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን አዩ።

«እሰይ፣ ተባረክ የኔ ልጅ! ግን ወድቆ አይደለም። አንድ ሌባ ተማሪ ነበር የወሰደው። አየህ፣ ኅሊናው ሲቆረቁረው ሹልክ ብሎ ገብቶ ወርውሮት ሄዷል!»

አንባቢዎቹ ሳቁ።

እሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።